በሩን የደገፈው ድንጋይ

ፈለቀ የተገኘው ከአዲሱ ማሽን ኋላ፣ በግራ ጎኑ ተጋድሞ ነበር። የቡና ገለባ ከፀጉሩ እስከ ጫማው አልብሶታል። ሲያዩት ሥራ ደክሞት ጋደም ያለ ሰው እንጂ የሞተ አይመስልም። ፊቱ እንኳ አልገረጣም፤ ጉንጩ ቀልቶ፣ ከኖረበት ዘመን ሁሉ ይልቅ በዚያን ቀን ጤነኛ መስሎ ነበር።

ኢንስፔክተር አብርሆት ከመጋዘኑ ደጃፍ ቆማ ብዙ አየችው። ከደሴ ተመድባ ቦንጋ ከገባች አራተኛ ዓመቷ ነው፤ እንዲህ ያለ የሞተ ሰው ፊት ግን አይታ አታውቅም። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ሲወርድ የዋለው ዝናብ አባርቶ፣ ወደ ማንኪራ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ግቢ በእንፋሎት ታፍኗል።

«ማን ነካው?»

«ማንም፣ ኢንስፔክተር። ልጁ ትሁት ናት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ያገኘችው። በሩ ተዘግቶ፣ ከውጭ በድንጋይ ተደግፎ ነበር።» ኮንስታብል ሙሉብርሃን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ገዳዩንም ይዘነዋል።»

«ፈጣን ነህ።»

«ጎረቤቱ ከፈለኝ ነው። ትናንት በሰው ፊት "አንድ ቀን አንተንም ማሽንህንም አንድ ላይ እዘጋባችኋለሁ" ብሎታል። አምስት ሰው ሰምቷል። ራሱም አልካደም።»

«እንግዲያ ምን ቀረኝ? ልመለስ?»

ሙሉብርሃን የጫማውን ጭቃ መመልከት ጀመረ።

አብርሆት ወደ ማሽኑ ተጠጋች። ከገባ ወር ያልሞላው የቤንዚን ቡና መፈልፈያ ነው። ጀንፈሉን፣ ከነቅርፊቱ የደረቀውን ቡና፣ ከላይ ይቀበላል፤ ፍሬውን ከታች ይጥላል፤ ገለባውን በረጅም ጉሮሮው አሻግሮ ይተፋል። ጉሮሮው ወደ በሩ ዞሯል። የነዳጅ ጋኑን ከፈተች፤ ባዶ ነው። ማብሪያው አልጠፋም። የዘይቱን መለኪያ መዝዛ አየች፤ ዘይቱ ሙሉ፣ ንጹሕ። ከግርግዳው ላይ፣ ከካንዴላ መፍቻው አጠገብ፣ የተማሪ ደብተር በገመድ ተንጠልጥሏል። የመጀመሪያው ገጽ በልጅ እጅ የተጻፈ ነው፦

«ዘይት ሳታይ አታስነሳ። የመጀመሪያውን አምስት ሰዓት አታስጨንቀው፤ ከዚያ ዘይቱን ቀይር። ሲታነቅ እጅህን አታስገባ፤ አጥፋ፣ ካንዴላውን ንቀል። ማጣሪያውን በየቀኑ አራግፍ። በተዘጋ ቤት ውስጥ አታስነሳ።»

የቀረው ገጽ ሁሉ በአዋቂ እጅ፣ በቀን በቀን የተጻፈ የማሽኑ ውሎ ነበር። የመጨረሻዋን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበበችና ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ከዚያ ወጥታ ጎንበስ አለች። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ነው። ደጃፉ ላይ ገለባ ተነጥፏል፤ በጣቷ ገለጥ ስታደርገው ላዩ ርሷል፣ ሥሩ ያለው አፈር ግን ደረቅ ነው። ድንጋዩ ከድሮ የተሰበረ ወፍጮ የቀረ ነበር። ጭቃና ገለባ ዙሪያውን እንደ መቀነት ታጥቋል። ሙሉብርሃን በአንድ እጁ አነሣው።

«አይከብድም» አለ።

«ላንተ» አለች።

*

ትሁት ከቡና ማድረቂያው አልጋ አጠገብ ቆማለች፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ዩኒፎርሟን አልቀየረችም፤ ከደረቷ ላይ ገለባ ተጣብቋል።

«በሩን ስከፍተው ገለባው እላዬ ላይ ፈሰሰ» አለች። «እስከ ጉልበቴ። በእጄ ጠርጌ ነው የገባሁት።»

«ደብተሩ ላይ የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«መመሪያው እንግሊዝኛ ነው። አባዬ "አንቺ ተማሪዋ፣ ቋንቋውን ወደ ሰው ቋንቋ አምጪልኝ" አለኝ። ሦስት ማታ ፈጀብን። አንድ ቃል እንኳ እንድዘል አይፈቅድም። አልዘለልኩም፣ ኢንስፔክተር። እግዜር ያውቃል።»

አብርሆት እጇን አልጋው ላይ በተሰጣው ቀይ ቡና ውስጥ አስገባች። ደረቅ ነው።

«ዝናቡ እንዲህ ሲወርድ ማን አለበሰው?»

ልጅቷ ለትንፋሽ ያህል ዘገየች። «እኔ። በሸራ።»

ሸራው ከመጋዘኑ ግርግዳ ላይ፣ ከምስማር ተሰቅሎ ይታያል።

ከጓሮው ትንሽ ቤት አንዲት አሮጊት በቀርከሃ ምርኩዝ እየተደገፉ ወጡ። የፈለቀ እናት፣ እማማ አፀደ ናቸው። ጆሯቸው ከተደፈነ ሃያ ዓመት ሆኖታል፤ ዓይናቸውም ከቅርብ እንጂ ከሩቅ አይለይም። ሰው ምን እንዳለ ማወቅ ሲፈልጉ ፊታቸውን ከፊቱ አስጠግተው ያዩታል። አሁንም የአብርሆትን ፊት እንዲሁ ተጠግተው አዩ፤ በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ፣ መስማት የተሳነው ሰው በሚናገርበት ከፍ ያለ ድምፅ፣ አንድ ነገር ጠየቁ።

«ምን አሉ?»

ትሁት ወደ ጎን ዞረች። «ቡናው ራሰ ወይ? ትላለች።»

«ልጃቸው መሞቱን ያውቃሉ?»

«አይታዋለች። ግን ቡናውን ነው ደጋግማ የምትጠይቀው።»

«ሐዘን ነው» አለ ሙሉብርሃን፣ ቀስ ብሎ። «ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ተኝተው ነው የሚውሉት፣ ይላሉ ጎረቤቶቹ። ምንም አላዩም።»

*

ሚስቱ በዛወርቅ ከሺሺንዳ ገበያ የደረሰችው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነበር። ከመኪና ስትወርድ ነው የነገሯት። አልጮኸችም። የያዘችውን ዘንቢል በጥንቃቄ አስቀምጣ፣ ሁለት እጆቿን ለአብርሆት ዘረጋች። የጣቶቿ መጋጠሚያዎች እንደ ዝንጅብል አብጠዋል።

«ለዚህ ነው የገዛው፣ እመቤቴ። ቡና ስወቅጥ ሌሊት እጄ ያስለቅሰኛል። "ከእንግዲህ ሙቀጫ አትነኪም" አለኝ። ማታ ማታ ማሽኑን ይወለውላል፤ ማጣሪያውን አራግፎ በጨርቅ ያለብሰዋል። "እኔን እንኳ እንዲህ አላለበስከኝም" ብዬ ስቄበት ነበር።»

«ከሰው ጋር ጠብ ነበረው?»

«ፈለቀ? ፈለቀ ሲጣላ እንኳ ይቅርታ እየጠየቀ ነው የሚጣላው።»

*

ከፈለኝ በጣቢያው አግዳሚ ላይ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አኑሮ ተቀምጧል። ሃምሳውን ያለፈ ንብ አርቢ ነው፤ ግንባሩ ላይ ያረጀ የንብ ንድፊያ አለ።

«እንዲያ ብለዋል ወይ፣ ጋሽ ከፈለኝ?»

«ብያለሁ። እስከ ትናንት ማሽኑን ከአጥሩ ሥር ነበር የሚያስነሳው፤ ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደኔ ይመጣል። ንቦቼ ቀፎ መግባት እምቢ ካሉ አራት ቀን ሆናቸው። ንብ የሌለው ሰው ይህን አያውቅም፤ ቤተሰብ ነው። ተናደድኩ፤ ተናገርኩ። የበደለው ምላሴ ነው እንጂ እጄ አይደለም።»

«ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይስ?»

«ቀፎዬ ሥር ነበርኩ። ማሽኑ ሲጮህ ይሰማኛል። ልክ ዝናቡ ጠብ ጠብ ሲል ድምፁ ታፈነ፤ አፉን በእጅ እንደያዙት ሰው። "እግዜር ይስጠው፣ ለኔ ብሎ በሩን ዘጋልኝ" አልኩ።» ባርኔጣውን አጣመመው። «መረቅኩት። እሱ እየሞተ እኔ እመርቀዋለሁ፣ ኢንስፔክተር።»

«ድምፁ ጨርሶ የጠፋውስ?»

«ዝናቡ ሳያባራ። እየተንተፋተፈ ነው የጠፋው፤ ተርቦ።»

አብርሆት ጻፈች። ከጀርባዋ ሙሉብርሃን ጉሮሮውን ጠራረገ። «ድንጋዩን ያደረገ ሌላ ሰው ካልተገኘ፣ ነገ ዐቃቤ ሕግ ነፍስ በማጥፋት ነው የሚከሰው።»

«አውቃለሁ» አለ ከፈለኝ። «ንቦቹን የሚያይልኝ የለም እንጂ።»

*

በማግሥቱ ሐኪሙ አረጋገጠ፤ የሞተር ጭስ ነው። «ከጭሱ ውስጥ ያለው መርዝ ሽታ የለውም» አላት። «ጉንጭን ያቀላል። ሰውየው ራሱን ትንሽ ከበደው፣ ተቀመጠ፣ ተኛ። ያ ነው።»

ከቀብር ሲመለሱ የፈለቀ ታናሽ ወንድም ሚሊዮን ከድንኳኑ በር ላይ መንገድ ዘጋባት። ከዋጫ የመጣ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ዓይኑ በለቅሶ ያበጠ ሰው ነው።

«ያ ሰው እስካሁን አልተከሰሰም! ወንድሜ ማሽኑን አስነሥቶ፣ ጉሮሮውን ወደ በሩ አዙሮ ሥራውን እየሠራ፣ እንደ አይጥ አፍኖ ገደለው!»

«እርስዎ ማሽኑን መቼ አዩት?»

«ሁለት ሳምንት ሆኖኛል ከመጣሁ።»

«ማሽኑ እስከ ረቡዕ ድረስ ከአጥሩ ሥር ነበር። መጋዘን የገባው በሞተበት ዕለት ጠዋት ነው። እርስዎ ከመድረስዎ በፊት ወደ ጣቢያ አስወስጄዋለሁ። ወደ በሩ መዞሩን ማን ነገረዎት?»

የሚሊዮን ትከሻ እንደ ናዳ ወረደ።

«በሰባት ሰዓት መጥቼ ነበር» አለ። «ለአንድ ሳምንት ዋጫ ወስጄ ልፈልፍልበት አልኩት። "ገና አዲስ ነው፤ አምስት ሰዓቱን ሳይጨርስ፣ ዘይቱን ሳልቀይር አላስነካም" አለኝ። "ብረት ከወንድም በለጠብህ" ብዬው ወጣሁ። ለወንድሜ የነገርኩት የመጨረሻ ቃል እሱ ነው። ይህን ለማን ልንገር?»

ባጃጅ ነጂው ዝናቡ ሳይጀምር ከመናኸሪያ እንዳደረሰው መሰከረ።

በዚያው ከሰዓት አብርሆት ብቻዋን ጓሮውን ዞረች። ሸራውን ከምስማሩ አውርዳ ዘረጋችው፤ ከእጥፋቱ ውስጥ ሸረሪት ድሯን ጨርሳ ወጣች። ከትንሿ ቤት ኋላ ያለውን እንሰት አየች፤ ዝቅ ያሉት ቅጠሎች ብቻ፣ ከወገብ በታች፣ ተቆርጠዋል። በጓሮው በታሰረችው ላም ገንዳ ውስጥ ደግሞ የተረፈ የእንሰት ቅጠል አገኘች። ገልብጣ ስታየው ከጀርባው ሁለት የቡና ፍሬ ተጣብቆ ነበር።

እዚያው ከላሟ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ቆየች። ልትነሣ አልፈለገችም።

*

በሣልስቱ፣ ቅዳሜ ረፋድ፣ ቤተሰቡ በድንኳኑ ተሰብስቦ ሳለ ከፈለኝን በባጃጅ አመጣችው። ሚሊዮን ሊነሣ ሲል በዛወርቅ እጁን ያዘችው። ከድንኳኑ ጫፍ እማማ አፀደ ጉልበታቸው ላይ ሰፌድ አድርገው ቡና ይለቅማሉ። ማንም ከዚያ ሊያስነሣቸው አልደፈረም።

«የማወራው አጭር ነው» አለች አብርሆት። «ያልገባችሁ ነገር ካለ አስቁሙኝ።

«ጋሽ ፈለቀ የሞቱት በማሽኑ ጭስ ነው። ጋኑ ባዶ፣ ማብሪያው ክፍት ነበር፤ ማለት ሞተሩ ያጠፋው አጥቶ ቤንዚኑ እስኪያልቅ ሠርቷል። እሳቸው ግን ጥንቁቅ ሰው ነበሩ። ዘይት ሳያዩ አያስነሱም፣ በተዘጋ ቤትም አያስነሱም። በሩን በድንጋይ አስደግፈው ከፍተውት ነበር።»

«እንዴት ታወቀ?» አለ ሚሊዮን።

«ገለባው ነገረኝ። ደጃፉ ላይ የተነጠፈው ገለባ ሥሩ ደረቅ ነው፤ ዝናቡ ሳይመጣ፣ በተከፈተ በር የወጣ ነው። ትሁት በሩን ስትከፍት ደግሞ እስከ ጉልበቷ ፈሰሰባት፤ እሱ በተዘጋ በር ላይ የተከመረ ነው። ስለዚህ በሩ የተዘጋው በሥራው መካከል፣ ልክ ዝናቡ ሲጀምር ነው። ጋሽ ከፈለኝም ድምፁ የታፈነው ያኔ ነው ብለዋል። ክምሩ ሳይረገጥ እስከ ጉልበት መቆየቱ ጋሽ ፈለቀ ወደ በሩ እንዳልመጡ ይናገራል። ልውጣ ብለው አልታገሉም። ነፋስ የዘጋው መስሏቸዋል፤ የጀመሯት ኬሻ ግማሽ ላይ ነበረች። እሷን ልጨርስ ብለዋል።»

በዛወርቅ በነጠላዋ አፏን ያዘች።

«ድንጋዩን ከተከፈተው በር ወስዶ በተዘጋው ላይ ያስደገፈው ሰው አላነሣውም። አንከባለለው፤ ጭቃና ገለባ ዙሪያውን ታጥቋል። ጋሽ ሚሊዮን ወይም ጋሽ ከፈለኝ ቢሆኑ በአንድ እጅ ያነሡታል። ያ ሰው ግን ጉልበት አልነበረውም።

«ደግሞ በሩ ሲዘጋ አልጋው ላይ ያለው ቡናም ለብሷል። ያን ሁሉ ዝናብ አንዲት ፍሬ አልራሰችም። ሊገድል የመጣ ሰው ቡና አያለብስም። በሸራ አይደለም የለበሰው፤ ሸራው ውስጥ ሸረሪት ቤት ሠርታለች። በእንሰት ቅጠል ነው፤ ዱሮ ሸራ ሳይመጣ ሰው እንደሚያለብሰው። ከወገብ በላይ መዘርጋት የማይችል ሰው የቆረጠው ቅጠል። በኋላ ለላሟ ተሰጠ።»

ትሁት ድምፅ ሳታሰማ እያለቀሰች ነበር።

«መጨረሻው ይህ ነው። በሩን የዘጋው ሰው ከሚጮህ ሞተር ሁለት እርምጃ ላይ ቆሞ ነበር። ጋሽ ፈለቀ ያኔ ኬሻ ሊያመጡ ወደ ጥጉ ገብተው ይሆናል፤ ገለባ አይወጣም፣ ውስጡ ጨለማ ነው። ሞተሩ ግን ይጮሃል፤ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። ያ ሰው ግን አልሰማም።»

ማንም አንገቱን አላዞረም። ሁሉም ግን ወዴት እንደማያይ ያውቅ ነበር። የሰፌዱ ቡና ብቻ ሽው፣ ሽው ይላል።

«አያቴ በግቢው በር ላይ ጠበቀችኝ» አለች ትሁት። «እየሳቀች። "ዝናቡ ሲመጣ ማንም አልነበረም፤ ቡናውን አለበስኩ፣ መጋዘኑንም ዘጋሁ፤ አባትሽ የት እንደሄደ እንጃ፣ ሲመጣ ንገሪው" አለችኝ። ከዚያ ነው በሩን የከፈትኩት። ሰዉ "ድንጋይ ማን አደረገ?" እያለ ሲጮህ፣ ቅጠሉን ሰብስቤ ለላሟ ሰጠሁ።»

«አንቺ ልጅ! ንጹሕ ሰው ሦስት ቀን ታስሮ!» ሚሊዮን ድምፁ ተሰነጠቀ።

«ተዋት» አለ ከፈለኝ። ከገባ ጀምሮ የመጀመሪያ ቃሉ ነበር። «እኔስ እሷን ብሆን ማንን እሰጥ ነበር?»

አብርሆት ደብተሩን አውጥታ የመጨረሻውን ገጽ ገልጣ ሰጠችው። ከፈለኝ መነጽር የለውም፤ ራቅ አድርጎ ይዞ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመ፣ ጮክ ብሎ አነበበ።

«ኀሙስ። ዘይት ታየ። ማጣሪያ ተራገፈ። ከዛሬ ጀምሮ ማሽኑ መጋዘን ይገባል፤ የከፈለኝ ንቦች እንዳይታወኩ። በር ክፍት ይሁን፤ ድንጋይ ይደገፍ።»

ደብተሩን ዘጋው። መልሶ ከፈተው። ከዚያ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ አደረገ፤ ትከሻው ብቻ ይታይ ነበር።

«ሪፖርቴ ላይ የምጽፈው አደጋ ነው» አለች አብርሆት። «ጋሽ ከፈለኝ ነጻ ነዎት። እማማን በተመለከተ ሕጉ የሚጠይቃቸው ነገር የለም። ይነገራቸው፣ አይነገራቸው የናንተ ነው። እኔ አላውቅም።»

«አይነገራትም» አለች በዛወርቅ። «ሰባ ዓመት ሙሉ ቡና በዝናብ አስመትታ አታውቅም። ይህን እንኳ ይዛ ትሂድ።»

ዝምታውን ሳይሆን የፊቶቹን መለዋወጥ ያዩት እማማ አፀደ ሰፌዱን አስቀምጠው ተነሡ። ወደ ከፈለኝ ሄደው ፊታቸውን ከፊቱ አስጠጉ፤ ያንኑ ጥያቄያቸውን በካፊኖኖ ጠየቁት። ከፈለኝ እንባውን ሳይጠርግ ራሱን ነቀነቀ፤ አልራሰም። ቀጥለው ወደ ሚሊዮን፤ ሚሊዮን ዓይኑን ሰበረ። ወደ በዛወርቅ። በመጨረሻ የትሁትን አገጭ በእጃቸው ቀና አድርገው፣ ከሁሉ ይልቅ እሷን አብዝተው አዩ። ልጅቷ ፈገግ ልትል ሞከረች። ሃያ ዓመት ሰውን በፊቱ ሲያነቡ ለኖሩ ሴት ያ ፈገግታ ብዙ ተናገረ።

ያን ጊዜ ዝናብ ጀመረ። በድንኳኑ ሸራ ላይ ጠብ፣ ጠብ አለ። እሳቸው አይሰሙትም፤ እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸው ላይ ተቀበሉትና ምርኩዛቸውን አንሥተው ወደ መጋዘኑ አዘገሙ። ትሁት ልትከተል ስትል አብርሆት ትከሻዋን ያዘች።

የመጋዘኑ በር ገርበብ ብሎ ነበር። አሮጊቷ ሊዘጉት ነው ብለው ሁሉም ጠበቁ። እሳቸው ግን በሩን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ከፈቱት። ከዚያ ተንበርክከው ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ከደጃፉ እያንከባለሉ ወሰዱና በሩን ከግርግዳው ጋር አስደገፉት። ጭቃውን በቀሚሳቸው ጠርገው ደፉ ላይ ተቀመጡ።

ዝናቡ በረታ። ነፋሱ እየገፋ ወደ መጋዘኑ ያስገባዋል፤ የፈለቀ ጀንፈል በኬሻ በኬሻ ሆኖ ይርሳል። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ጨለማው አዙረው፣ ጀርባቸውን ዝናቡ እየመታው፣ ሊዘጋ የሚመጣ እንዳለ እንደሚከለክል ሰው ምርኩዛቸውን በደጃፉ አጋድመው ተቀምጠው ነበር።